ለባቡር እስትንፋስ የሰጠው ሰው፤ ሪቻርድ ትሬቪቲክ

በእንፋሎት ባቡር ተጕዘው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ፉጨቱን ወይም ፍጥነቱን ሳይሆን ጥላሸቱን ነው። በመስኮት አንገቱን ያወጣ መንገደኛ ዓይኑን እያሸ ይመለሳል፤ ነጭ ነጠላ የለበሰ እንደ ሆነም ነጠላው በጥቁር ነጠብጣብ ተዥጐርጕሮ ይወርዳል። ያ የሚዘንበው ነገር ደግሞ እንደ ማድቤት ጥቀርሻ የለሰለሰ አይደለም። በጣት ሲያሹት እንደ አሸዋ ይኰረኵራል፤ በጥርስ መካከል ሲገባም ቀጭ ይላል።

ይህ ለምን ይሆናል? ቢባል ብዙዎቻችን ከሰል ስለሚነድበት ነው ብለን እንመልሳለን። ይህ ግን ግማሽ መልስ ነው። ከሰልማ በምድጃም በፋብሪካም ይነዳል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ኰረት በሰው ራስ ላይ አይበትንም። ቀሪውን ግማሽ ለማግኘት የአንድ ሰው ሕይወት መመልከት ግድ ይሆናል። ይኸውም በትምህርት ቤት ሳለን ስለ ጀምስ ዋትና ስለ ጆርጅ ስቲቨንሰን ገጽ ሙሉ ስንሸመድድ በአንዲት መሥመር ያለፍነው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሪቻርድ ትሬቪቲክ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ትሬቪቲክ በ1771 በኤፕሪል ወር በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ኮርንዎል በተባለው አውራጃ፥ ካምቦርን ከምትባለው ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የማዕድን ጕድጓድ አለቃ ነበረ። ልጁ በትምህርት ቤት እምብዛም አልቀናውም፤ መምህሩ የማይታዘዝ፥ ግትርና ከትምህርት የሚቀር ነው እያለ ያማርርበት ነበር። በሒሳብ ግን መልሱን ያገኘዋል፤ ያገኘበትን መንገድ እንጂ መልሱን መምህሩ ሊነቅፍ አልቻለም። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሰማንያ በላይ፥ ጕልበቱም የተፈራ ሆኖ አደገና በትግል ጨዋታ በአካባቢው ስሙ ተጠራ።

አሁን ስለ አገሩ አንድ ነገር እንንገር፤ ያለዚህ የሰውየው ሥራ አይገባምና። ኮርንዎል መዳብና ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን የሞላባት፥ የድንጋይ ከሰል ግን ፈጽሞ የሌለባት ምድር ናት። ጕድጓዱ በጠለቀ ቍጥር ውሃ ይሞላበታል፤ ውሃውን ለመቅዳት የእንፋሎት መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው የሚበላው ከሰል ደግሞ ከዌልስ በመርከብ ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ በኮርንዎል ከሰል ማባከን እንጀራን ማባከን ነበረ። የጀምስ ዋት መኪና ከቀድሞው መኪና ይልቅ ከሰል የሚቈጥብ በመሆኑ ባለ ማዕድኖቹ ገዙት፤ ዋትና ሸሪኩ ቦልተን ግን ከተቈጠበው የከሰል ዋጋ ሢሶውን በየጊዜው ይቀበሉ ነበር። ይህ ግብር በሕዝቡ ዘንድ ብዙ ምሬት አስከተለ። የዋት የፈጠራ መብት እስከ 1800 ድረስ ስለሚጸና ማንም መሐንዲስ ያለ እርሱ ፈቃድ አዲስ መኪና ለማሻሻል አይችልም ነበር።

ወጣቱ ትሬቪቲክ ያደገው በዚህ ጠብ መካከል ነው። የእርሱም አሳብ አጭርና ደፋር ነበረ። የዋት መኪና የሚሠራው በደካማ እንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ፒስቶኑን የሚገፋው ኀይል በአብዛኛው በደካማው እንፋሎትና በዚያ ባዶ ቦታ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ለዚህም ማቀዝቀዣ፥ ፓምፕና ቤት የሚያህል ሕንፃ ያስፈልጋል። ትሬቪቲክ ግን በጠንካራ ጋን ውስጥ እንፋሎቱን አፍነን ግፊቱን ብናበረታው፥ ሥራውን ከጨረሰ በኋላም ወደ አየር ብንለቀውስ? ብሎ አሰበ። ዋት ይህን የሚፈራው ጋኑ ይፈነዳል በማለት ነበር። ትሬቪቲክ ዴቪስ ጊዲ የተባለውን የሒሳብ ዐዋቂ ወዳጁን፥ ኋላ የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆነውን፥ እንፋሎቱን ወደ ውጭ በመልቀቅ ምን ያህል ኀይል እንደሚጠፋ ጠየቀው። ጊዲም የሚጠፋው የአንድ አየር ክብደት ያህል ብቻ መሆኑን አስረዳው። የእንፋሎቱ ግፊት ብዙ እጥፍ ከሆነ ይህ ኪሣራ ከቍጥር አይገባም። ከዚያ ቀን በኋላ ትሬቪቲክ ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ጠንካራው እንፋሎት መኪናውን አሳነሰው፤ ያነሰም መኪና በመንኰራኵር ላይ ሊወጣ ቻለ። በ1801 በፈረንጆች ገና ዋዜማ በካምቦርን ዳገት ላይ ሰዎችን ጭኖ የወጣው ሠረገላ የዚህ ውጤት ነው። ዕድሜው ግን ጥቂት ቀን ብቻ ሆነ። በሌላ ጕዞ ላይ ተበላሸና በአንድ ዳስ ሥር አቆሙት፤ ሰዎቹ እሳቱን ሳያጠፉ መሸታ ቤት ገብተው ሲበሉና ሲጠጡ ውሃው ተንኖ አለቀ፤ ብረቱ ቀላ፤ እንጨቱ ተያያዘና ሠረገላውም ዳሱም ዐመድ ሆኑ። ከዚህ የከፋ ደግሞ በ1803 በግሪንዊች ደረሰ። ከትሬቪቲክ ጋኖች አንዱ ጠባቂው ትቶት በሄደበት ሰዓት ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ። የዋት ወገኖች ይህን አደጋ ጠንካራ እንፋሎትን ለማስጠላት በሰፊው ተጠቀሙበት። ትሬቪቲክ የሰጠው መልስ በክርክር ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ በጋኖቹ ላይ ሁለት የግፊት ማስተንፈሻ አደረገ፤ ውሃው ሲጐድል ቀልጦ እሳቱን የሚያጠፋ የእርሳስ ውታፍም ጨመረበት።

አሁን ወደ ጥላሸቱ ደረስን።

እሳት አየር ይፈልጋል። የፋብሪካ እሳት አየሩን የሚስበው በረጅሙ የጢስ መውጫ ነው፤ ትኩሱ ጢስ ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ሲወጣ በእሳቱ ሥር ቀዝቃዛ አየር ይተካል። የጢስ መውጫው በረዘመ ቍጥር ስበቱ ይበረታል። በሐዲድ የሚሄድ መኪና ግን ድልድይ ሥር የሚያልፍ ስለ ሆነ ይህን ያህል ረጅም መውጫ ሊሸከም አይችልም። ጋኑ ትንሽ ነው፤ የሚጠየቀው ጕልበት ግን ብዙ ነው፤ እሳቱም በዚያች ጠባብ ምድጃ ውስጥ እንደ ቀጥቃጭ እሳት መጋም አለበት። የእኛ አገር ቀጥቃጭ ቢሆን ኖሮ ወናፍ ይፈልግለት ነበር።

ትሬቪቲክ ወናፉን ከራሱ ከመኪናው አገኘው። በ1804 በደቡብ ዌልስ በመርተር ቲድፍል አጠገብ በሚገኘው የፔኒዳረን ብረት ፋብሪካ በሠራው መኪና ላይ፥ ሥራውን ጨርሶ ከሲሊንደሩ የሚወጣውን እንፋሎት በቧንቧ አድርጎ ወደ ጢስ መውጫው ለቀቀው። እንፋሎቱ ሽቅብ ሲፈተለክ ጢሱን እየጐተተ ይወጣል፤ በስተኋላው ቦታው ይሳሳል፤ ያንን ለመሙላት አየር ከእሳቱ ፍርግርግ ሥር እየተሻማ ይገባል። የቀጥቃጭ ወናፍ አየርን ይገፋል፤ ይህኛው ግን ይስባል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ትሬቪቲክም መኪናው በሚሠራበት ጊዜ እሳቱ ከቆመበት ጊዜ ይልቅ እንደሚጋም ልብ ብሎ በዚያው ዓመት ለጊዲ ጻፈለት። የነገሩን ዋጋ እስከ ምን ድረስ እንደ ተረዳው ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት አላወጣምና። ከእርሱ በኋላ ስቲቨንሰንና ቲሞቲ ሃክዎርዝ ቧንቧውን እያጠበቡና ቦታውን እያስተካከሉ አሻሻሉት፤ ክብሩ ለማን ይገባል በሚለውም ደጋፊዎቻቸው ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። እኛ በበኩላችን አስቀድሞ ያየና የጻፈ ሰው ድርሻው ሊነሣው አይገባም እንላለን።

የዚህ ዘዴ ውበቱ ራሱን በራሱ መምራቱ ነው። ባቡሩ ዳገት ሲይዝ ብዙ እንፋሎት ያወጣል፤ ብዙ እንፋሎት ሲወጣ ስበቱ ይበረታል፤ ስበቱ ሲበረታ እሳቱ ይጋማል፤ እሳቱ ሲጋም አዲስ እንፋሎት ይፈላል። ፉፍ ፉፍ የሚለውም ድምፅ የዚሁ እስትንፋስ ድምፅ ነው።

ዳሩ ግን እሳት እፍ ብሎ የሚያውቅ ሁሉ የሚከተለውን ያውቃል፤ በቀስታ እፍ ቢሉት ፍሙ ይቀላል፤ አጥብቀው እፍ ቢሉት ዐመዱና ብናኙ ፍም ተነሥቶ ዓይን ውስጥ ይገባል። በባቡሩ ምድጃም የሚሆነው ይኸው ነው። ስበቱ ሲበረታ በፍርግርጉ ላይ ያለው የከሰል ደቃቅ ነድዶ ሳይጨርስ ተነሥቶ በጢስ መውጫው ይበርራል። ያ በነጠላ ላይ የሚያርፈው ኰረት እንግዲህ ግማሹ የነደደ ከሰል ነው። መኪናው አለ ልክ በተጨነቀ ጊዜ በአካፋ ከገባው ከሰል ከዐሥር እጅ አንዱ፥ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው በዚህ መንገድ ሳይሠራ ይወጣል።

ጥቁሩ ጢስ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። አዲስ ከሰል በትኩስ ፍም ላይ ሲጣል አስቀድሞ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ እንዲነድ ከፍ ያለ ሙቀት፥ ከእሳቱ በላይ የሚደርስ አየርና ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። በባቡር ውስጥ ግን ስበቱ በጥድፊያ ይወስደዋል፤ በመንገዱም ላይ በውሃ የተከበበው የጋኑ ብረት ያቀዘቅዘዋል። ነበልባሉ ሳይጨርስ ሲጠፋ ያልነደደው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ከእንፋሎቱ ጋር ርሶ ስለሚወርድም ልብስ ላይ ይጣበቃል። እንግዲህ ጥቁር ጢስ የብርታት ምልክት መስሎ ለሚታየን ሁሉ፥ ባለሙያው የሚያየው የተደፋ ከሰል ነው። ከሰል እንደ ወርቅ በሚታይበት አገር የተወለደው ሰው፥ ከሰልን በጢስ መውጫ የሚበትን እስትንፋስ ለባቡር መስጠቱ ከሕይወቱ ሁሉ የሚያስገርመን ነገር ነው።

የፔኒዳረኑ ባለቤት ሳሙኤል ሆምፍሬ ይህ መኪና ዐሥር ቶን ብረት በሐዲድ ላይ እንደሚስብ ከጎረቤቱ ባለ ፋብሪካ ጋር 500 ጊኒ ተወራረደ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1804 መኪናው ዐሥሩን ቶን በአምስት ፉርጎ ጭኖ፥ 70 ያህል ሰዎችም ተንጠልጥለውበት፥ ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በአራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ጨረሰ። በመንገድ ላይ ዛፍ መቍረጥና ድንጋይ ማንሣት አስፈልጎ ነበር። በዓለም ላይ በሐዲድ ላይ ጭነት የሳበ የመጀመሪያው የእንፋሎት መኪና ይህ ነው፤ ስቲቨንሰን የመጀመሪያውን መኪናውን የሠራው ከዚህ ዐሥር ዓመት በኋላ ነበር። ነገር ግን የፔኒዳረን ሐዲድ ለፈረስ ጋሪ የተሠራ ቀጭን ብረት ስለ ነበረ በመኪናው ክብደት ይሰባበር ጀመር፤ መኪናውም ከመንኰራኵሩ ወርዶ እንደ ማንኛውም የፋብሪካ ሞተር ሥራ ተሰጠው። በ1808 ትሬቪቲክ በለንደን ክብ ሐዲድ አንጥፎ፥ ዙሪያውን አጥሮ፥ ሰው በአንድ ሽልንግ ባቡር እንዲያይና እንዲሳፈር አደረገ። እዚያም ሐዲዱ ተሰበረ፤ ገንዘቡም አለቀ። ከዚያ ወዲህ ወደ ባቡር ሥራ አልተመለሰም። በቴምዝ ወንዝ ሥር የጀመረው ዋሻ ውሃ ገባበት፤ በ1811 ደግሞ በዕዳ ከሰረ።

ከኪሣራው ማግስት ግን ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራውን ሠራ። በ1812 እሳቱን በጋኑ ውስጥ በሚያልፍ ሰፊ ቧንቧ ውስጥ የሚያነድና በጠንካራ እንፋሎት የሚሠራ የማዕድን መኪና አቆመ። የኮርንዎል ጋን ተብሎ የሚጠራው ይህ ነው። እዚህ መኪናው የቆመ፥ ጊዜ ያለው፥ ረጅም የጢስ መውጫም ሊኖረው የሚችል ስለ ሆነ የባቡሩ ችግር አልነበረበትም፤ እሳቱ በዝግታ ይነዳል፤ ከሰሉም ይቈጠባል። የኮርንዎል ማዕድኖች የከሰል ወጪያቸው በብዙ ቀነሰላቸው። ለእርሱ ግን የረባ ገንዘብ አልደረሰውም።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ልብ ወለድ ይመስላል። በፔሩ አገር ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሴሮ ዴ ፓስኮ የብር ማዕድኑ በውሃ ተውጦ ነበር። የዋት መኪና የሚሠራው በደካማ እንፋሎት ስለ ሆነ አየሩ በሳሳበት በዚያ ተራራ ላይ ይደክማል፤ የትሬቪቲክ መኪና ግን በራሱ ግፊት ይሠራል። ዘጠኝ መኪናዎች በ1814 በመርከብ ተላኩ፤ በ1816 እርሱ ራሱ ተከተለ። ሚስቱን ጄንንና ስድስት ልጆቹን ትቶ ሲሄድ ቶሎ እመለሳለሁ በሚል አሳብ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ቀረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለቤቱ ገንዘብ አልላከም፤ ጄን በወንድሟ እርዳታ የእንግዳ ማረፊያ ይዛ ልጆቿን አሳደገች። የትሬቪቲክ ወዳጆች ይህን ጕዳይ በአጭሩ ያልፉታል፤ እኛ ግን የእርሷን ድካም ሳናነሣ የእርሱን ጀብዱ ብቻ ማውራት አልወደድንም።

የፔሩ የነጻነት ጦርነት ሥራውን አፈረሰው። ከዚያ ወደ ኮስታ ሪካ ሄዶ የማዕድን ዕድሉን ሞከረ፤ ጫካና ወንዝ አቋርጦ ወደ ካሪብያን ጠረፍ ሲወጣም ከሞት ለጥቂት አመለጠ። በ1827 ካርታሄና በምትባለው የኮሎምቢያ ወደብ ባዶ እጁን ሲደርስ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ መሐንዲስ አገኘው። ይህ ገና 24 ዓመት ያልሞላው ሰው የጆርጅ ስቲቨንሰን ልጅ ሮበርት ነበረ፤ ለአገሩ መሳፈሪያም 50 ፓውንድ ሰጠው። የባቡር አባት ሊባል የሚገባው ሰው የባቡር አባት የተባለውን ሰው ልጅ ገንዘብ ተቀብሎ ተሳፈረ።

ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ሮበርት ስቲቨንሰን የሠራው ሮኬት የተባለው መኪና በሬይንሂል ውድድር 500 ፓውንድ አሸነፈ። በዚያ በ1829 ውድድር ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ደንብ ባቡሩ የራሱን ጢስ ራሱ ማቃጠል አለበት የሚል ነበር፤ የመሥመሩ ነዋሪዎችና ባለ ርስቶች በጥላሸት እንዳይማረሩ ማለት ነው። ሮኬት የተላለፈው በብልሃት ነው፤ የሚያነደው ጥሬ ከሰል ሳይሆን ኮክ ነበረ። እንጨት ወደ ከሰልነት ሲለወጥ ጢሱን እንደሚተው ሁሉ፥ የድንጋይ ከሰልም ታፍኖ ሲጠበስ ጋዙን ለቅቆ ኮክ ይሆናል። በዚያው ውድድር የሃክዎርዝ መኪና ሳን ፓሬይ፥ ትርጕሙም አቻ የሌለው ማለት የሆነው፥ ወናፉ ከመጠን በላይ በርትቶ ስለ ነበረ ኮኩን ሳይነድ በጢስ መውጫው ወደ ሰማይ ይበትነው ነበር። እንግዲህ ኮክ ጥቁሩን ጢስ ያስቀራል፤ ኰረቱን ግን አያስቀርም፤ ኰረቱ የሚመጣው ከእስትንፋሱ እንጂ ከጋዙ አይደለምና።

ኮክ ውድ ስለ ሆነ ኩባንያዎቹ ወደ ጥሬ ከሰል የሚመለሱበትን ዘዴ ሲፈልጉ ቆዩ። በ1859 ገደማ በእሳቱ ላይ የሸክላ ጡብ ቅስት ሠርተው ነበልባሉ መንገዱ እንዲረዝምና በበሩ በኩል ከሚገባው አየር ጋር እንዲቀላቀል ሲያደርጉ ጢሱ ቀለለ። ለኰረቱ ደግሞ በጢስ መውጫው ሥር የሽቦ ወንፊት አደረጉ፤ ወንፊቱ በጠበበ ቍጥር ግን ስበቱ ይታፈናል፤ መኪናውም ይደክማል። ስለዚህ ፍንጣሪው አዝመራ ማቃጠሉን አላቆመም፤ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1905 ለተቃጠለባቸው ገበሬዎች ኩባንያዎቹ ካሣ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። በሃያኛው መቶ ዓመት አርጀንቲናዊው ሊቪዮ ዳንቴ ፖርታ ከፍርግርጉ ሥር የሚገባውን አየር ቀንሶ አብዛኛውን ከእሳቱ በላይ በማስገባት ኰረቱን በእጅጉ አሳነሰው፤ ግን በዚያን ጊዜ የናፍጣው ሞተር ቦታውን እየወሰደ ነበር። ባቡር የሚለው ቃላችን ሥሩ በፈረንጆቹ ቋንቋ እንፋሎት ማለት ስለ ሆነ፥ ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን እንኳ ሳናውቀው እንፋሎት እያልን እንጠራዋለን።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ትሬቪቲክ በ1827 በኦክቶበር ወር ወደ አገሩ ሲገባ ከንብረቱ የወርቅ ሰዓት፥ ኮምፓስና ጥቂት ዕቃ ብቻ ይዞ ነበር። ለኮርንዎል ያተረፈውን ከሰል ጠቅሶ መንግሥት ውለታውን እንዲቈጥርለት ለፓርላማ በ1828 አቤቱታ አቀረበ፤ ምንም አልተሰጠውም። ተስፋ ግን አልቈረጠም። በመጨረሻ ከለንደን በስተ ምሥራቅ በዳርትፎርድ በአንድ የብረት ፋብሪካ አዲስ መኪና እየሞከረ ሳለ ታመመ፤ ከቤተሰቡ ርቆ በተከራየው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ኤፕሪል 22 ቀን 1833 ሞተ። ዕድሜው 62 ዓመት ነበር። ለቀብሩ የሚሆን ገንዘብ ስላልተገኘ የፋብሪካው ሠራተኞች አዋጥተው አስከሬኑን ራሳቸው ተሸክመው ቀበሩት። በዚያ ዘመን ሬሳ እየቈፈሩ ለሐኪም ቤት የሚሸጡ ሌቦች ስለ ነበሩም መቃብሩን በሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ ቀጠሩለት። ድንጋይ ግን አላቆሙበትም።